ወገቤን ያቃኑልኝ መሪጌታ

ፖሊሶች የያዙኝ ሉማሜ ላይ፣ ከአውቶቡስ ልወርድ ስል ነው። ደብረ ማርቆስ አምጥተው ያስገቡኝ የእስር ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የእርጥብ ካልሲ ሽታ አይለቀውም። ከተኙት መሐል አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው «ና፣ እዚህ ጋ ጋደም በል» አሉኝ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። እስር ቤት አያላሽቀኝም ብዬ ጠዋት ጠዋት ሁለት መቶ ሲታፕ እሠራ ጀመር። ሆዴን ብቻ! ቀሪውን ቀን ጎብጬ እቀመጣለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሆዴ ላይ የወጣው ጡንቻ አኩርቶኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጫማዬን ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለ። ቀና ማለት አቃተኝ።

ፍርድ ቤት ልቀርብ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል፤ አባቴ ከገጠር ይመጣል። ልቡን ያመዋል። ጎብጬ ካየኝ ደብድበው ሰበሩት ብሎ እዚያው ይወድቃል። ማንም እኮ አልነካኝም! ራሴን ሰበርኩ ብል ማን ያምነኛል? በንዴት አለቀስኩ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው አነሱ።

«አንተ አስተማሪ፣ ሆድህን ስትሠራ ከረምክ። ጀርባህን ማን እንዲሠራልህ ነው?»

«መሪጌታ፣ አሁን የቀልድ ጊዜ ነው?»

«ቀልዱማ ያንተ ነው። ድንኳን ተክለህ አታውቅም? ገመዱን በአንድ ወገን ብቻ ብትስበው ምሰሶው ወዴት ይሄዳል?»

አፈርኩ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ነው እኮ!

እሳቸውም በወጣትነታቸው ማኅሌት ቆመው ባደሩ ማግሥት እህል ሲሸከሙ ወገባቸው ተይዞ፣ አንድ ወጌሻ ነበር ያዳናቸው። ያንኑ ለእኔ አስተማሩኝ። መጀመሪያ ትከሻቸውን ይዤ በክፍሉ ውስጥ ቀስ እያልኩ መራመድ። ሕመሙ ሲለዝብ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ መቀመጫዬን ማንሳት። ቀጥሎ ተንበርክኬ ቀኝ እጄንና ግራ እግሬን መዘርጋት፣ ከዚያ ማቀያየር። ሆዴንም አላስተዉኝም፤ «ሁለቱንም እኩል» ይላሉ።

ሰዓት አልነበረንም። «አንሳና ቆይ፣ አቡነ ዘበሰማያት እስክጨርስ» ይሉኛል። ታዲያ ሆን ብለው ያዘግሙታል! ልጨምር ስል «ችኩል!» ብለው ይቆጡኛል። ደግሞ ሁሉንም አብረውኝ ይሠራሉ፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሲሚንቶ ላይ። እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ከዚያ ወዲህ የኔታ አልኳቸው።

የቀጠሮው ቀን ከመኪናው ስወርድ ፖሊሱ ክንዴን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ። «አመሰግናለሁ፣ እችላለሁ» አልኩት። አባቴ አጥሩ ሥር በዱላው ተደግፎ ቆሟል። እስከ በሩ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ተመስገን፣ ልጄ ደህና ነው» አለ።

ስመለስ የኔታ «አባትህስ?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ተኛ፤ የዛሬውን አልሠራህም።»

ከተፈታሁ ወዲህ ትምህርት ቤት ተመልሼ፣ ሜዳ ላይ ተማሪዎቼን ሆድና ጀርባቸውን እኩል አሠራለሁ። ሰዓት መያዣው አንገቴ ላይ አለ፤ አላየውም። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ፣ በየኔታ ዜማ፣ ቀስ ብዬ።

«ቲቸር፣ አላለቀም እንዴ?» ይሉኛል እየተንቀጠቀጡ።

«ገና ነው» እላቸዋለሁ። የኔታም ገና አልተፈቱም።