ዘፈን የሌለው የህንድ ፊልም

ወንድሜ አምሃ በበረሃ አድርጌ ሊቢያ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ ቀረ። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ። በረሃ ምን እንደሆነ ከመሄዱ በፊት የነገሩን አንድ ሰው ነበሩ፤ የነገሩን ግን የህንድ ፊልም ነው ብለው ነው።

ጋሽ ይመር ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በነበረው ግቢያችን በር ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠሩባታል፤ ያድሩባታልም። አባት አልነበረንም። እናታችን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ድንችና ሽንኩርት ዘርግታ ስለምታመሽ እኔና አምሃ እሳቸው ዘንድ እንጠብቃታለን። መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ሲጠፋ ጋሽ ይመር የስፌት መኪናቸውን ይተዉና ወደ ካውያው ይዞራሉ። ካውያው የከሰል ነው። ክዳኑን ከፍተው እፍ ሲሉበት ፍሙ ይቀላና ፊታቸው ከአገጫቸው ወደ ላይ ይበራል። ኩራዟ ጥግ ሆና ታጨሳለች፤ ከእርጥቡ ጨርቅ የሚነሳው እንፋሎት የሰው ላብና የሳሙና ሽታ ይዞ ክፍሏን ይሞላታል። ያኔ ፊልም ይነግሩናል።

ጎረቤታችን እማማ ዘነበችም በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ልጃቸው አለሙ ከዓመታት በፊት ከአገር ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። አልጋው ግን እንደተነጠፈ ነበር።

ጋሽ ይመር እሑድ እሑድ ቪዲዮ ቤት ገብተው ያዩትን ነበር በሳምንቱ ከፋፍለው የሚያወሩልን። ሂንዲ የት እንደተማሩ የጠየቃቸው የለም። ዘፈኑ ላይ ሲደርሱ ካውያውን አስቀምጠው እጃቸውን እያወዛወዙ ያዜማሉ፤ እኛ ጣሳ እንመታለን፤ እማማ ዘነበች በትከሻቸው ይቀበላሉ።

አንድ ክረምት በረሃ ስለሚያቋርጡ ሁለት ጓደኛሞች የሚያወራ ፊልም ጀመሩልን። አጀማመሩ እንደ ሌላው ነበር። አገሩ በድርቅ ተመታ፤ ሁለቱ በግመል ተነሱ፤ አንዱ እጮኛ አለችው። በማግስቱ ማታ ግን ግመሉ የጭነት መኪና ሆነ። ማናችንም ልብ አላልንም።

መኪናው አሸዋ ውስጥ ቆመ አሉን። ሰው የሚያሻግሩት ደላሎች የውሃው ጀሪካን ውስጥ ቤንዚን ጠብ ያደርጉበታል አሉን፤ ሰው ብዙ እንዳይጠጣ። ጣሳዬን እንዳቀፍኩ ቀረሁ።

«ዘፈኑስ፣ ጋሽ ይመር?» አለ አምሃ።

«የለውም።»

«የህንድ ፊልም ሆኖ?»

«ጉሮሮ ሲደርቅ ማን ይዘፍናል?» አሉና ፍሙን እፍ አሉ።

ከዚያ ሰዎቹ በእግራቸው ሄዱ። በረሃ ላይ የሚገድለው ጥም ብቻ አይደለም፤ መቀመጥም ነው አሉ ጋሽ ይመር። አሸዋው ማታ ለብ ይላል፤ ሰው ትንሽ ልረፍ ይልና ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ይመቸዋል። አንደኛው ጓደኛ ተቀመጠ። ሌላው እጁን ይዞ ጎተተው። «ሂድ፣ መጣሁ» አለው የተቀመጠው። አልመጣም።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ ዘነበች። «እናቱስ?»

የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ካውያው የሰው ሱሪ ላይ ቆሞ ነበር። ልብስ ሲያቃጥሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እናቱን ፊልሙ አያሳያትም» አሉ ጋሽ ይመር ካውያውን አንስተው።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ያዘኝ። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት የእናቴን ዘንቢል ይዤ ስወጣ እግሬ ቢዝልም አልቀመጥም አልኩ። «አረፍ በል እንጂ፣ አንተ ልጅ!» ብላ ትከሻዬን ስትጫነኝ ጮህኩባት። ሰው ደረጃ ላይ አረፍ ብሎ ሳይ እጁን ይዤ ላስነሳው እሞክር ነበር። ይበልጥ የፈራሁት ደግሞ ለአምሃ ነው። የታክሲ ረዳት ነበር፤ ከአንድ ደላላ ጋር መታየት ከጀመረ ሰንብቷል፤ እናታችን ታውቃለች፤ አልቅሳም ለምናም አልሆነላትም። ጋሽ ይመር በረሃውን ሲያወሩ ግን አምሃ ጭንቅላቱን ደፍቶ ጥፍሩን ይነክስ ነበር። መሄዱን ይተው ይሆናል ብዬ ተስፋ ያደረግሁት ያንን አይቼ ነው።

አንድ እሑድ ራሱ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ፊልሙን አየው። ማታ እየሳቀ መጣ።

«ጋሽ ይመር፣ ሸውደውናል እኮ! አክተሩ ይደርሳል! ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ነው። የምን መኪና? ግመል ነው! ቁጭ ብሎ የቀረ ሰው የሚባል የለም!»

ጋሽ ይመር ካውያውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት።

«ሕፃን ያስፈራሩ እሺ፤ እኔ ፋራ መሰልኩዎት?» ብሎ የእኔን ጭንቅላት ዳበሰ። «አክተር አይሞትም፤ አይደል እንዴ ማሙሽ?»

ጋሽ ይመር አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወደ በሩ አዩ። እማማ ዘነበች ከበርጩማቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ፊታቸው በርቷል።

«እሰይ! ደረሰ አትሉኝም? ያ የተቀመጠውም ደረሰ?»

«ሁለቱም ይደርሳሉ፣ እማማ!» አለ አምሃ።

ጋሽ ይመር ከፍሙ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ «አዎ፤ ደርሰዋል» አሉ።

አምሃ በዚያው ሳምንት ሄደ። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ራስጌዬ አስቀምጦልኝ ነበር።

ጋሽ ይመር ከዚያ በኋላ ለወራት ፊልም ሳይነግሩኝ ቆዩ። አንድ ቀን እሳቸው ዘንድ ብቻዬን ክር ስለቅም ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

«ፊልም አልነበረም። የተቀመጠው አለሙ ነው። እጁን የጎተትኩት እኔ ነኝ። ወደዚህ ግቢ የመጣሁት ለእናቱ ልነግር ነበር። በሩን ከፈቱ፤ ገና አፌን ሳልከፍት ደክሞሃል ብለው ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።» ኩራዟን አነሱና እንደገና አስቀመጧት። «ወንድምህ ሲስቅብኝ እውነቱን ልነግረው ነበር። እማማ ዘነበች በር ላይ ተቀምጠዋል። ምን ልበል?»

አንተም እንዳትናገር አሉኝ። አልተናገርኩም። እማማ ዘነበች የአለሙን አልጋ እንዳነጠፉ ሞቱ፤ ጋሽ ይመር ተከተሏቸው።

ካደግኩ በኋላ ከአምሃ ጋር በአንድ መኪና የነበረ ሰው ተመልሶ መጣና ፈልጎ አገኘኝ። ምኒልክ አደባባይ ቆመን አወራን። እንቀመጥ አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ብዙ ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ተቀመጠ?»

«አዎ» አለኝ። «ሂዱ፣ መጣሁ ብሎን ነበር።»

ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። እኛም ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተናል። መንገድ ላይ ዛሬም አልቀመጥም፤ ባቡር ስጠብቅም ቆሜ ነው። እናቴ አርጅታለች፤ ከሰውየው የሰማሁትን አልነገርኳትም። አንዳንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሼ አጠገቧ እሆናለሁ።

«ያ ይመር ያወራላችሁ የነበረ የህንድ ፊልም» ትለኛለች፤ «የበረሃው። መጨረሻው እንዴት ነበር?»

«ይደርሳል» እላታለሁ።

«ዘፈን አለው?»

«አለው።»

ከሌላ ፊልም የማስታውሰውን ዜማ አንጎራጉርላታለሁ። የአምሃን ብርድ ልብስ እግሯ ላይ ታደርጋለች። ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን።