የባሌስትራ መሮ

ትናንት የልጅ ልጄ መሮ ሊገዛ ፍኖተ ሰላም ብረታ ብረት ሱቅ ሲሄድ «አባባ፣ እርስዎ ይምረጡልኝ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። ባለሱቁ ሦስት አራቱን ባንኮው ላይ ደረደረልን። ሁሉም እጀታው የተቀባ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ነው። አንዱን አንስቼ በጥፍሬ መታ አደረግሁትና ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ቀጭን ድምፅ አወጣና ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ደህና ብረት እንዲህ ነው፤ ሲነኩት ቶሎ ዝም አይልም። ልጁ ምን እንደማዳምጥ ግራ ገብቶት ያየኛል። እኔ ግን እሱ ዘንድ አልነበርሁም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ይህ ከተማ ገና ወጀት ይባል ነበር፤ የእርጥብ ዋንዛ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል፤ ከጎኔም ባልንጀራዬ ተቀምጦ ይጠርባል።

ይህን ነገር ለማንም አውርቼው አላውቅም። አንቺ ግን «አባባ፣ ምን አግኝቶዎት ነው ተክዘው የዋሉት?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ልንገርሽ።

ባልንጀራዬና እኔ አናጢነትን የተማርነው ከአንድ ሰው ነው። መምህራችን ሊሞት ሲል ዕቃውን እኩል አካፈለን፤ ለእያንዳንዳችን አንድ መጥረቢያና ሁለት ሁለት መሮ ደረሰን። ከዚያ ወዲህ አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ሞፈርም፣ ቀንበርም፣ አልጋም እንሠራ ነበር። እጃችን እኩል ነበር። እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር፣ የእኔ ትንሽ ይሻል ነበር። መምህራችንም አንድ ጊዜ እንዲያ ብሎኛል፤ እኔም አልረሳሁትም።

ጣልያን ከገባ በኋላ ብረት ጠፋ። የአገሩ ቀጥቃጭ ሁሉ የሚሠራው ለአርበኛ ነው፤ ማጭዱም ዶማውም ወደ እሳት እየገባ ጦር ሆነ። የመምህራችን መሮዎች ደግሞ በመሳል ብዛት አልቀው እንደ ጣት አጥረዋል። አንዳንድ ዕቃ ከጣልያን ምሽግ እየሾለከ ገበያ ይወጣል፤ ግን ዋጋው አይቀመስም። አንድ ቀን ጅጋ ገበያ የሚያብለጨልጭ መሮ አየሁና ልቤ ተንሰፈሰፈ። ነጋዴው «የሮማ ብረት ነው» አለኝ። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን፣ ገና ሁለት እሑድ እንኳ በወጉ ያልለበስሁትን ጋቢ አውልቄ ሰጠሁት። በማግስቱ ወይራ ላይ ሳሳርፈው ጫፉ እንደ ሰም ታጠፈ። ባልንጀራዬ አየና ዓይኑን ወደ ሥራው መለሰ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እሱ መሮ ይዞ መጣ። ጥቁር ነው፤ መልክ የለውም፤ የመዶሻው ጠባሳ ገና ላዩ ላይ ይታያል። እንጨቱ ላይ ሲያሳርፈው ግን ፍቅፋቂው ሳይቆረጥ እየተጠቀለለ ወረደ።

«በስንት ገዛኸው?» አልሁት።

«በሁለት ቁና ጤፍ።»

ሁለት ቁና ጤፍ ለእንዲህ ያለ ዕቃ እንደ ስጦታ ነው። ከማን እንደገዛው ብጠይቀው «በቡሬ መንገድ ካሉ ሰው» ብሎ አለፈው። በወሩ መላጊያ ጨመረ። ቀጥሎ እጀታው የወይራ የሆነ አጭር መጥረቢያ መጣ።

ቅናት እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? እኔ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ጠዋት ስንገናኝ ከፊቱ አስቀድሜ የማየው ዕቃውን የያዘበትን ስልቻ ሆነ። መሮውን ድንጋይ ላይ ሲስል ድምፁ ጥርሴን ይበላኝ ነበር። ልጁን ሊድር የተነሣ አንድ ገበሬ አልጋ ሊያሠራ መጣና በፊቴ አልፎ «አንተ ብትሠራልኝ» ብሎ እሱን ጠየቀው። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ ሥራ እንዳለው ሰው፣ ፍቅፋቂ መልቀም ያዝሁ።

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጥሎ ነበር። የደብሩ አለቃ ገበሬውን አስተባብረው በቦታው ለጊዜው መቀደሻ የሚሆን ትንሽ መቃኞ አሠሩና በሩን ለሁለታችን ሰጡን። የቀኙን ሳንቃ እሱ እንዲጠርብ፣ የግራውን እኔ። ጎን ለጎን አጋድመን እየሠራን ሳለ አንድ ቀን አለቃው መጡ። የእሱን ሳንቃ በጣታቸው ዳበስ አደረጉና «እጅህ ይባረክ» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ፤ የእኔንም ዳበሱ፤ «አይዞህ» አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ሊያስከፉኝ ብለው አልነበረም። እኔን ግን ሰው ሰድቦኝም እንደዚያ አላመመኝ።

ባልንጀራዬ ይህን አይቶ ኖሮ፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ «ነገ አብረን እንሂድ፤ ከሰውየው ጋር ላስተዋውቅህ» አለኝ። «ዋጋ አያስወድዱም። ብቻ ቤታቸው ገብቶ የቀረበለትን ከማይበላ ሰው ጋር አይገበያዩም።»

«ምነው?»

«ቀጥቃጭ ናቸዋ» አለ።

ያን ጊዜ በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ሰው ማረሻውን ያሠራበታል፤ ደጁን አልፎ ግን አይገባም፤ ከማዕዱም አይቀምስም።

ማክሰኞ ነበር፤ ጾምም አልገባም። ማለዳ ወጥተን ቀትር ላይ ደረስን። ቀጥቃጩ ከቡሬ ወዲህ፣ ከመንደር ተገልለው፣ ወንዝ ዳር ነበር የሚኖሩት። ደጃቸው ላይ አርበኞች ካቃጠሉት የጣልያን ካሚዮን የፈታቱት ባሌስትራ ተቆልሏል። ከመኪናው ሥር ሆኖ ጭነቱን የሚሸከመው ያ ጠፍጣፋ ብረት ነው መሮ የሚሆነው። የከሰሉ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ የጋለው ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይንጨረጨራል። ወናፉን የምትነፋው ልጃቸው ነበረች፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ግንባሯ በላብ የሚያበራ። አባቷ አንድ መሮ አውጥተው ከፊቴ አኖሩልኝ። አነሣሁት፤ ክብደቱ እጄ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እንዲያ ያለ ዕቃ ይዤ አላውቅም ነበር።

ልጅቱ እጃችንን ልታስታጥበን መጣች። ባልንጀራዬ እጁን ሲዘረጋ ሆን ብላ ውሃውን አበዛችበትና ሁለቱም ሳቁ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህ ሰው ከዚህ ቤት ያገኘው መሮ ብቻ አይደለም። ማዕዱ ቀረበ። የሽሮው ሽታ አሁንም ይሸተኛል፤ ከማለዳ ጀምሮ ምንም ስላልቀመስሁ አንጀቴ ይጮህ ነበር።

«እኔ ጾመኛ ነኝ» አልሁ።

ባልንጀራዬ ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥቃጩ አልተቆጡም። መሮውን ከፊቴ ቀስ ብለው አነሡና «ጾመኛ አናስቸግርም፣ ጌታዬ። ይቀመጥልዎታል፤ ሲፈስኩ ይወስዱታል» አሉኝ።

ባዶ እጄን ተመለስሁ። ያን ሁሉ መንገድ ባልንጀራዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረኝ። «ርቦህ ነበር እኮ» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት አለቃው ዘንድ ሄድሁ። በቀጥታ አልተናገርሁም፤ በእኛ አገር ሰው የሚጣለውም በጨዋ ቃል ነው። «አባ፣ የመቅደስ በር የሚጠርብ እጅ ከማን ማዕድ እንደሚቆርስ ይጠየቃል?» አልኋቸው። መጽሐፋቸውን አጥፈው ጎናቸው አኖሩ። «ማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ብትሄድ ምን ነበር?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃው በሕዝቡ ፊት ጠሩት። ወሬው ቀድሟቸው ነበር፤ ያንንም ያወራሁት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ እኔስ ባልሰማሁት በወደድሁ» አሉት። «ሕዝቡ ግን በዚህ በር አንገባም ይላል። ከቀጥቃጩ ቤት በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው ዳግም አልበላም በልና ይለፍ።»

ዓይኑን ወደ መሬት አልጣለም። «እንዲያ ማለት አልችልም፣ አባ። ልጃቸውን ላገባ ነው» አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። እሱ ሰው ሁሉ እያየው ሄዶ ዕቃውን ወደ ስልቻው መክተት ጀመረ። አንዱን መሮ ግን፣ ያን የመጀመሪያውን፣ ባልተጨረሰው ሳንቃ ላይ ተወው። ወደ እኔ ዞረ። እኔ እንደሆንሁ ያውቅ ነበር፤ ዓይኑ ላይ አየሁት።

«በዚህ ጨርሰው» አለኝ። «በአንተ መሮ ብትነካው ይሰነጠቅብሃል።»

ሄደ። ሁለቱንም ሳንቃ በእሱ መሮ ጨረስሁ። በሩ በቆመ ቀን አለቃው በጣታቸው ዳበሱና «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመኘው የኖርሁትን ቃል ሰምቼ ቀና ማለት አቃተኝ። ሕዝቡም በዚያ በር ገባ፤ በምን ብረት እንደተጠረበ የጠየቀ ሰው የለም።

ከሄደልኝ ቅናቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ባሰ። ዋርካው ሥር ብቻዬን ተቀምጬ በእሱ መሮ ስሠራ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ «ላገባ ነው» ሲል እሰማዋለሁ። እኔ በሕይወቴ ስለ ማንም እንዲያ ብዬ ቆሜ አላውቅም። አያትሽን ያገባሁት እንኳ ዘመድ መርጦልኝ ነው፤ እግዜር ይመስገን ደግ ሴት ሆነችልኝ እንጂ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ወረድሁ። በግ ልሸጥ ነው ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት፤ በጉ ግን ምክንያት ነበር። ከገበያው ዳር አገኘኋቸው። ማጭድ፣ ምሳር፣ መሮ ቆዳ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ሚስቱ ከገዢዎች ጋር ትከራከራለች፤ እሱ አንዲት ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ገበያተኛው እስኪሳሳ ከኋላ ቆሜ ጠበቅሁ። መንገድ ለመንገድ ሳሰናዳው የመጣሁት ቃል ነበረኝ፤ በድዬሃለሁ የሚል፤ ብዙም ረጅም አልነበረም።

ተራዬ ደረሰ። አየኝ። ሕፃኗን ለእናቷ አቀበለና ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ነጠላውን አስተካከለ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ። «ምን ዓይነት ዕቃ ፈልገው ነው?»

በልጅነታችን አንድ ጋቢ ለብሰን ያደርን ሰዎች ነን፤ «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

«ማጭድ» አልሁ፤ ሌላ ቃል አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

ጎንበስ ብሎ ሦስት አራቱን አነሣሥቶ ተወና አንዱን መረጠልኝ። በሁለት እጁ አቀበለኝ። ዋጋውንም አላስወደደብኝም።