ወለተ ኪዳን ምራቋን የተፋች ዕለት

ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ዋርካ ምንጭ ሲደርስ ጭነቱን አውርዶ ያርፍ ነበር። ጥላው ሰፊ፣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ማሩ ነጭ ነው። እሳት ላይ የማይሰነጠቅ ድስት የሚወጣውም ከዚያ አፈር ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው መንደሩን እየወደደ፣ ልጁን ግን በነጠላ ሸፍኖ ነበር የሚያልፈው። «አገሩስ ገነት ነበር፤ የሰዎቹ ዓይን ሰው ይበላል እንጂ» ይባላል። ለምን እንደሆነ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። የሚረባ መልስ የሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፦ «ልጄ፣ እኛ ጭንጫ ስናርስ እነሱ አፈር ሸጠው ሲበሉ ጊዜ፣ ምን እንበል?»

ወለተ ኪዳን የዚያ መንደር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን የብርጓልን በሸክላ አሳደገች። ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ወልደ ሚካኤል የሚባል የአማኑኤል ገበሬ የብርጓልን ለልጁ ጠየቃት። ወሬውን ሰምቷል፤ ቢሆንም ልጅቷን ወደዳት። አንድ ነገር ብቻ ወለተ ኪዳንን አስጠነቀቃት፦ «እስከ ጥር፣ እስከ ሠርጉ ድረስ፣ ስምሽን የሚጠራ በሽተኛ እንዳልሰማ።» ወለተ ኪዳንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃን ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ጀመር።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአጎራባቹ መንደር ጭቃ ሹም የአቶ እንዳላማው ልጅ ታመመ። ከአባቱ ጋር ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ልጅ ነው። እንዳላማው ለጣልያን ያደረ ሰው ነበርና የጦር ሰፈሩ ሐኪም የወባ ክኒን ሰጠው፤ ልጁም ዋጠ። በበነጋው ግን ዘመዶቹ ጤና አዳም አፍንጫው ላይ እየደፈደፉ «ማን በላህ? ተናገር!» ሲሉ አስጨነቁት። ልጁ በትኩሳት መካከል የሚያውቃትን አንዲት የዋርካ ምንጭ ሴት ጠራ። ወለተ ኪዳንን።

በሁለት ጠመንጃ ያዥ ተነድታ መጣች። የበላ ሰው ምራቁን ከተፋበት በሽተኛው ይድናል ይባላልና።

«ትፊበት!» አለ እንዳላማው።

«ጌታዬ፣ እኔ ምን አድርጌ? ከተፋሁ እኮ በላሁ ማለቴ ነው። ልጄን ልድር ነው!»

«የኔ ልጅ ሲሞት ያንቺ ይዳር?»

«ክኒኑን ይጠብቁት፣ አንድ ቀን ብቻ…»

«በዓይኗ በልታ ሳትጠግብ ደግሞ ክኒን ታዛለች!» አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ።

የልጁ እናት ሽታዬ ግን አልሳቀችም። መሬት ተደፍታ የወለተ ኪዳንን እግር ያዘች። «እቴ ወለተ ኪዳን፣ በወለድሽው! ስንት ዓመት ድስትሽን ገዛሁ፣ መቼ ክፉ ተናገርሁሽ?»

ወለተ ኪዳን ልጁን አየችው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ክኒን ይሁን ምራቅ ምን እንደሚያድን እሷም አታውቅም። ባታውቅም ጎንበስ አለችና ተፋችበት።

ሌሊቱን ልጁ አላበው፤ ጠዋት ገንፎ በላ።

ሦስተኛው ቀን ላይ የወልደ ሚካኤል ሽማግሌ መጡ። ደጅ እንደ ቆሙ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀበሉ፣ «ጥሎሹን መልሱ» አሉ።

«አባቴ፣ ልጁ እንዲድን ብዬ ነው እኮ!»

«እሱማ ዳነ። ብትተዪው ኖሮ፣ ቢሞት ኖሮ፣ ንጹሕ መሆንሽን ባወቅን ነበር።»

ቅዳሜ ገበያ ላይ ድስቷ ከረፋዱ በፊት አለቀ። ሽታዬም ሁለት ወሰደች፤ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ።

ማታ የብርጓል እናቷን «ለምን ተፋሽ?» አለቻት።

«ልጅ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

የብርጓል በዚያው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ሄዳ የወታደር ልብስ አጣቢ ሆነች። አገሯን ለሚጠይቃት ሁሉ «ደጀን» እያለች ኖረች። እናቷ ድስት ልትሸጥ ከተማ በመጣች ቁጥር የብርጓል መንገድ ትቀይር ነበር።