ያልቀየርኩት ሞገድ

በረራ የምማረው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። በሥራ ቀን ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ የምኖረውም እዚያው ካዛንቺስ፣ ከመምህርነት በጡረታ ከወጣችው እናቴ ጋር። ቅዳሜ ማለዳ ግን ሚኒባስ ይዤ ከከተማ ወጣ ወዳለ አንድ ትንሽ ሜዳ እሄዳለሁ። ሜዳው የቁጥጥር ግንብ የለውም። የሚያርፉበትም ትንንሽ አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው፤ የኛ የተማሪዎቹና አልፎ አልፎ የእርሻ መድኃኒት የሚረጩት። ሊያርፍ የመጣ ሁሉ ሜዳውን በአራት ማዕዘን እየዞረ፣ በየማዕዘኑ የት እንዳለ በሬዲዮ ይናገራል። ሌላው ይሰማል፣ በዓይኑም ይፈልገዋል፣ ተራውን ይጠብቃል። በቃ፣ ከዚያ ሌላ የሚጠብቀን ነገር የለም።

ያን ቅዳሜ ብቻዬን ስበር አራተኛ ጊዜዬ ነበር። ራቅ ብዬ ተለማምጄ ተመለስኩና ዙሩን ጀመርኩ። በየማዕዘኑ ያለሁበትን ተናገርኩ። መልስ የለም። ሜዳው ላይ ሌላ ሰው ከሌለ መልስ አይኖርምና አልገረመኝም። ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደውን የመጨረሻውን መስመር ልይዝ ወደ ግራ ዞርኩ። ከፍታዬ ልክ ነው፣ ፍጥነቴ ልክ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ዓይኔ ማኮብኮቢያው ላይ ተተክሏል፤ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም።

ከሥሬ የጤፍ ማሳ ነበር። ማሳው ላይ ሁለት ጥላ አየሁ። አንዱ የኔ ነው፤ ሌላው ከኋላ እየደረሰበት ነው።

ምን እንዳየሁ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ዘወር ስል ቢጫ ክንፍ፣ ከታች በኩል፣ አብራሪው ራሱ ላይ ያደረገው ሄልሜት እስኪታየኝ ድረስ ቅርብ። የነዳጁን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ቢጫው አውሮፕላን ከሥሬ አልፎ አረፈ። እኔ እንደገና ዞሬ መጣሁ።

አርፌ ወደ ማቆሚያው ቀስ እያልኩ ስነዳ ዓይኔ ሬዲዮው ላይ አረፈ። ራቅ ብለን ስንለማመድ የምንነጋገርበት ሞገድ ሌላ ነው፤ ወደ ሜዳው ስንመለስ መቀየር አለብን። አልቀየርኩም። ያን ሁሉ ጊዜ ስናገር የነበረው ማንም ለማይሰማኝ ነው፤ ሰውየውንም አልሰማኋቸውም። እጄን ሰድጄ ወደ ትክክለኛው ሞገድ አዞርኩት። ማንም አላየኝም።

አብራሪው ስድሳ የሚሆናቸው፣ ጢማቸው የሸበተ፣ መድኃኒት በመርጨት ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ እኮ» አሉኝ። «አልሰማሽኝም?»

«ምንም አልሰማሁም። እኔም ተናግሬያለሁ» አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው ያስቸገረኝ።

አስተማሪዬ አውሮፕላኖቹ ከሚያድሩበት ሃንጋር እየሮጠ መጣ። ሁለታችንንም አዳመጠና «የሆነውን ጽፋችሁ እስከ ረቡዕ አምጡልኝ» አለ።

ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና የሳቸው አሮጌ ቮልስ ብቻ ነበር። አብሬያቸው ተሳፈርኩ። የባቡሩ መንገድ እየተቆፈረ ስለነበር ከተማ ስንገባ መንገዱ በመኪና ተቆልፎ ጠበቀን። እዚያ ቆመን እያለ፣

«የተበላሸው የኔ ሬዲዮ ነው ማለት ነው» አሉ። «አስመረምረዋለሁ። እስከዚያ አልበርም።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ቁፋሮውን አየሁ። ኡራኤል ሲያወርዱኝ ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ፤ «ያስታወስሽው ነገር ካለ ደውዪልኝ» ብለው ወደ ጎተራ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ሪፖርቱን በእጄ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ መነጽሯን አደረገችና የተማሪ ደብተር እንደምታርም አነበበችው።

«ጽሑፉ ጥሩ ነው» አለች። «ግን ሁሉም ስለ ሰውየው ነው። አንቺስ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ጽፌዋለሁ እኮ፣ ስዞር ነበር።»

«ስትዞሪ ብቻ?»

ወረቀቱን ተቀብያት ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ሰውየው የበረራ ፈቃዳቸውን ቢነጠቁስ ብዬ ሳስብ ምሳ መብላት አቃተኝ።

ሰኞ ከቢሮ እንደወጣሁ ደወልኩላቸው፤ ጎተራ ነይ አሉኝ። ሚኒባሱ ላንቻ ላይ አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ጎተራ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለችው ካፌ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠረጴዛው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሬዲዮው ነው።

«ጤነኛ ነው ይለኛል ሠሪው» አሉ፣ ገና ሳልቀመጥ። «ግራ ገባኝ። ዛሬ የሚረጭ ማሳ ነበረብኝ፤ ቀረሁ።»

«የእርስዎ ሬዲዮ ምንም አልሆነም። ማለቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የልምምዱ ሞገድ ላይ ነበርኩ። አልቀየርኩትም።»

«መቼ አወቅሽ?»

«እዚያው፣ እንዳረፍኩ።»

«እንግዲያው መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

አልጮሁም። ማኪያቷቸውን ወደ ጎን ገፉ። ልነሳ ወይስ ልቀመጥ አላወቅኩም።

«ተናድጃለሁ» አሉ። «መናደዴን እወቂ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቆይ። እኔም ያላልኩት ነገር አለ። ሜዳውን መዞር ነበረብኝ፤ አልዞርኩም። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ በቀጥታ ገባሁ። ዞሬ ቢሆን ከሩቅ አይሽ ነበር። ይሄን ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር።»

ሬዲዮውን ገፋ አድርገው ከአስተናጋጇ እስክሪብቶ ተዋሱ። እዚያው ካፌ ውስጥ እሳቸው የሳቸውን፣ እኔ የኔን እንደገና ጻፍን። አንዳችን የሌላውን አላነበብንም።

አስተማሪዬ ሁለቱን ወረቀት አንብቦ ለስድስት ሳምንት ብቻዬን እንዳልበር ከለከለኝ። የከለከለኝ ሞገዱን በመርሳቴ ሳይሆን አርፌ የሬዲዮውን ቁልፍ በማዞሬና በመደበቄ እንደሆነ በግልጽ ነገረኝ። ለሳቸውም፣ ለሌሎቹ ረጪዎችም፣ ሳይዞሩ በቀጥታ መግባት ቀረ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ እሳቸው ግን ዞሩ። ሜዳው ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ከዚያ የዘለለ ወዳጅነት ግን አልነበረንም።

እነዚያን ቅዳሜዎች ሃንጋሩ ጥግ ተቀምጬ የሌሎችን ዙር ስቆጥር አሳለፍኩ። በሰባተኛው ብቻዬን ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ዞሬ አረፍኩ። ስወርድ ሬዲዮው የሜዳው ሞገድ ላይ ነበር። አስተማሪዬ አየው፤ የሚቀጥለውን ተማሪ ጠራ።