ደሜን ራሴ አነበብኩ

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ውስጥ ቆሜ የሰው አክታ ሳቀልም ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ከዚያ ራስ ምታት፣ ከዚያ የጭን ቁርጥማት። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ ከስምንት አለ።

ከዳባት ወጣ ባለች ደጋ ቀበሌ ለገጠር ልምምድ የወጣን ሰባት ተማሪዎች ነበርን፤ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የአካባቢ ጤና እያለ ይቀጥላል። እኔ የላብራቶሪ ነኝ። አብራችሁ ሥሩ፣ አንዱ ከሌላው ይማር ተብለን ነው የተላክነው። መሪያችን የሕክምና ተማሪው ናትናኤል ነበር። ሳይመረቅ «ዶክተር» ሲሉት ዞር የሚል ሰው ነው። እስከ ዛሬ አልወደውም።

በሁሉም ፊት መረመረኝ።

«ሰውነትሽ ላይ ቅማል አይተሻል?»

«ምን በወጣኝ!» አልኩት።

«እንግዲያው ታይፎይድ ነው» አለና ሲፕሮፍሎክሳሲን አዘዘ። ለምርመራ ስላይዱ መስታወት ላይ የተቀባው ደሜ ገና አልደረቀም ነበር።

ሲደርቅ ቀለም አስነክቼ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጥኩ። የራሴን ደም አየሁ። በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል የተጠማዘዙ ቀጫጭን ክሮች። ቦሬሊያ። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት። ውጤቱን ከነቀኑ ጽፌ ሰጠሁት።

«ታማሚ የራሷን ውጤት አታነብም» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ቡድኑ ሳቀ። ያልሳቀችው የነርስ ተማሪዋ ስንታየሁ ብቻ ናት።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ በላብ ለቀቀኝ። ናትናኤል ደሜን በድጋሚ አስመረመረ። ምንም አልተገኘም። አይገኝምም፤ ትኩሳቱ ሲወርድ ተሐዋሲው ከደም ይሰወራል። «አየሽ?» አለኝ የመድኃኒቱን ፓኮ እያሳየ። የመጀመሪያውን ስላይድ በዚያው የውጤት ወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቂሜንም ቋጠርኩ።

በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። ዐይኔ ቢጫ ሆነ። ነሰረኝ። መቆም አቃተኝ። ስንታየሁ ማንንም ሳታስፈቅድ ከጣቴ ደም ወሰደች። ስላይዱን አዘጋጅታ ናትናኤል ፊት አስቀመጠችው።

«በራስህ ዐይን እየው፤ ሳታየው ከዚህ አትነሣም!»

አየ። ፊቱ ሲለወጥ ከአልጋዬ ሆኜ ተመለከትኩ። ያን ያህል ታምሜ እንኳ ደስ አለኝ።

የፋርማሲው ልጅ መድኃኒቱ ተሐዋሲውን ሲገድል ሰውነቷ ይናወጣል፣ ፔኒሲሊን ከመወጋቷ በፊት ግሉኮስ ይሰካላት ብሎ ተሟገተ። መርፌው በገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተንቀጠቀጥኩ። የደም ግፊቴ ወረደ። ሰው አልለይም ነበር። ግሉኮሱ ባይሰካልኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም። በማግሥቱ ልብሴን ናትናኤልና ስንታየሁ ቀቀሉት።

ከዚያ ቁስቋም ሰፈር እናቴ ቤት ተኝቼ፣ አጥሚት እየጠጣሁ፣ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አጥሩ መራመድን እንደ ሕፃን በተማርኩባቸው ሁለት ሳምንታት፣ ሳስብ የምውለው ስለ ጤናዬ ሳይሆን በልምምዱ ማጠቃለያ ቀን ናትናኤልን መምህራን ፊት እንዴት እንደማዋርደው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ያን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጌ ያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ጠየቅኩት። «ቦሬሊያ» አለ። መምህራችን ወረቀቴ ላይ ያለውን ቀን ፔኒሲሊን ከተወጋሁበት ቀን ጋር አስተያዩ።

«ምነው ልጄ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ?» አሉት። «ቅማል ስለማየቷስ አልጠየቅካትም?»

ናትናኤል ቀና ብሎ አየኝ።

ቅማሉን በመጀመሪያው ጠዋት ከሹራቤ ስፌት ላይ አግኝቼ በጥፍሬ ገድዬዋለሁ። በስድስት ተማሪዎች ፊት ቅማል አለብኝ ማለት ሞት መስሎኝ ዋሸሁ። እሱም ልብሴን ሲቀቅሉ ስፌቱን የሞላውን ቅጫም አይቷል።

«አልጠየቅኳትም» አለ።

ልምምዱን እንዲደግም ተወሰነ። እኔ ስላይዴን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ። ለስንት ቀን የተመኘሁት በቀል እጄ ሲገባ ጣዕም አልነበረውም፤ ለዚህም ጭምር ተናደድኩበት።

ስንታየሁንና የፋርማሲውን ልጅ አመሰግናለሁ። ለቤት ለቤት ጥናት ወጥተን ዝናብ ሲመታኝ ጋቢያቸውን ያለበሱኝን ገበሬ፣ አያ ደሴንም፣ ቅማሉ ከዚያ ጋቢ ቢመጣም፣ አልወቅስም። ናትናኤልን ግን ይቅር አላልኩትም፤ እውነቱንም ለመምህራኑ አልተናገርኩለትም።

እናንተ ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብላችሁ ዳንኩ አትበሉ። ደማችሁን ትኩሳቱ ሲነሣ አስመርምሩ። ልብሳችሁን ቀቅሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። «ቅማል አይታችኋል?» የሚላችሁን ሰው ብትጠሉት እንኳ፣ አይተናል በሉት።