የእንደራሴው እናት

ወንድሜ በአደባባይ ሲያለቅስ ያየሁት በስልኬ ነው። ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ያለው ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ የእማዬን እግር እያሸሁ ነበር። እሱ ደግሞ በሰሜን ካናዳ፣ መንገዱ አልቆ አውሮፕላን ብቻ በሚገባበት አገር፣ የምክር ቤት አባል ሆኖ የመጀመሪያ ንግግሩን ያደርጋል። አሮጊትና ሽማግሌዎቻችን ሲታመሙ ወደ ደቡብ ይላካሉ፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ በሌለበት ከተማ ከልጆቻቸው ርቀው ይሞታሉ አለና ድምፁ ተቆረጠ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ «ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አለችኝ። «ስለ እናቶች እየተናገረ ነው» አልኳት። «አንጀቴን በላው» አለች። የእኔ አንጀት ግን አረረ።

እንዴት አይረር? ያ ሁሉ እንባ ለሰው እናት ነው። የራሱን እናት በአካል ካያት ዓመታት አልፈዋል።

ሲሄድ ለአንድ ዊንተር ብሎ ነበር። ያኔ ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሁን በፈረሰው አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ሦስታችን በሁለት ክፍል እንኖራለን፤ እሱ ሆቴል ሳህን ያጥባል። አንድ ጓደኛው ከሰሜን ኮል አደረገለትና «እዚህ ታክሲ ነጂ ጠፍቷል፣ ና» አለው። ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ዊንተሩ አለቀ፣ ሌላው መጣ፣ እሱ ግን እዚያው ቀረ። እማዬን ማን ይያዛት የሚል ጥያቄ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ሴት ልጅ አለች አይደል።

ሥራውን እንደሚችልበት አልክድም። በትንሽ ከተማ ታክሲ የሚነዳ ሰው የማያውቀው ጓዳ የለም። ምጥ የያዛትን ሆስፒታል ያደርሳል፣ የሰከረውን ቤቱ ድረስ ደግፎ ያስገባል፣ የታመሙትን ሽማግሌዎች ኤርፖርት ይወስዳል። ወደ ደቡብ ከሸኛቸው ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ለምርጫ የተወዳደረውም እሱ ነገር ከንክኖት ነው። እዚያ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ሰውየውን አይተው ይመርጣሉ፣ የተመረጡትም ክብ ሠርተው ይቀመጡና ሚኒስትሮቻቸውን ከመሃላቸው ይመርጣሉ። ወንድሜ በትንንሽ አውሮፕላን ከመንደር መንደር ይዞራል። ማሞቂያው የተበላሸበት ሰው በማንኛውም ሰዓት ኮል ያደርግለታል፣ እሱም ያነሳል። የእኔን ስልክ ነው የማያነሳው።

ጡቴ ላይ እብጠት የተገኘው ባለፈው ዓመት ነው። ሐኪሟ ምርመራውን አይታ ካንሰር ነው፣ ቶሎ መውጣት አለበት አለች። የትምህርት ቤት ባስ ነው የምነዳው፤ አለቃዬ ፈቃድ አልከለከለኝም። ያስቸገረችኝ እማዬ ናት። ዊልቸር ላይ ናት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ለሳምንታት ምንም ማንሳት አልችልም። መንግሥት የላከልንን ረዳት በር ቆልፋ መልሳታለች። «ባዕድ ገላዬን አይነካም» አለች፣ አለቀ። ስለዚህ ወንድሜን ለመንኩት። ሁለት ሳምንት ብቻ ና አልኩት። ለእማዬ እንዳይነግራት ደግሞ አስማልኩት። የእኛ ሰው ሕመሙን ከእናቱ ይደብቃል፤ እኔም ከዚያው ነኝ።

ቀዶ ጥገናው መጀመሪያ ሲቀጠርልኝ ስብሰባችን ተራዘመ ብሎ ቀረ። ደውዬ ቀጠሮውን አስተላለፍኩ። ሁለተኛው ሲደርስ ሚኒስትር ለመሆን ቀርቤያለሁ፣ ምርጫው በዚያው ሳምንት ነው አለኝ። እሱንም አስተላለፍኩ። አልተመረጠም። ደስ አለኝ። ይኸው ተናገርኩ።

ሦስተኛው ቀጠሮዬ ሐሙስ ላይ ዋለ። ሐኪሟ ከዚህ በላይ አትግፊው ብላ ተቆጥታኛለች። እንደ ዕድል ሆኖ ወንድሜ በዚያው ሳምንት ወደ ቶሮንቶ ሊመጣ ሆነ፤ ለእኔ ግን አይደለም። ወደ ደቡብ ስለተላኩት ሽማግሌዎች የሚያጣራ ኮሚቴ አባል ነው፤ ኖርዝ ዮርክ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ሳምንቱን ሙሉ የሕዝብ ቃል ይሰማሉ። ሰኞ ማታ እኛ ጋ ብቅ አለ። በዶቃ የተጠለፈ የቆዳ ሰደርያ ለብሷል፤ እዚያ የክብር ልብስ ነው አሉ። እማዬን ጉልበቷን ሳመ፣ ጥብሱን በላ፣ ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሳ። ሊሄድ ሲነሳ እስከ ሊፍቱ ተከተልኩት።

«ሐሙስስ?» አልኩት።

«ሐሙስ ሂሪንግ አለን። ትንሽ ብትገፊው፣ በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ወስጄ…»

«አንተ ሰውዬ፣ የሚገፋ ነገር ነው ያልኩህ?»

«በዚህ ኮሚቴ ስንት ሰው ተስፋ አድርጓል፣ እንደዚህ አትበይ» አለኝ። ሊፍቱ መጣና ገባ። በሩ ሲዘጋ ስልኩን እያየ ነበር። ምራቄን ልተፋበት ፈልጌ የጎረቤት በር ስለተከፈተ ዋጥኩት።

ማክሰኞ እማዬን «ልጅሽ ሲሠራ እንየው» አልኳት። ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አስጠርጋ ጠበቀችኝ። አስቤ ነው ያደረግኩት። ሰው ፊት ላሳፍረው ነበር የፈለግኩት። ዊልቸሯን በሁለት አውቶቡስና በሰብዌይ ገፍቼ አዳራሹ ስንደርስ ክንዴ ዝሏል።

ኮሚቴው በግማሽ ክብ ተቀምጧል። ሊቀመንበሯ ፀጉሯ የነጣ፣ የሰሜኑ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ የሆነች ሴትዮ ናት። ወንድሜ እኛን ሲያይ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ሴትዮዋ ግን እማዬን እንዳየች የሚናገረውን ሰው በትህትና አስቆመችና፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ቀድሞ ይናገራል፣ የእኛ ወግ ይህ ነው አለች። ለሰሜኑ ቋንቋዎች አስተርጓሚዎች ይዘው መጥተዋል፤ ለአማርኛ ማንም የለም። እናቱ መሆኗን ስነግራት ወደ ወንድሜ ዞረች። «እንግዲያው አንተ ትተረጉማለህ» አለችው።

ማይክሮፎኑን እማዬ አፍ አጠገብ አደረግኩላት። አሁን ትናገር አልኩ በልቤ። ናፈቀኝ፣ ረሳኝ፣ ትበል።

«እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አለች። «ልጄን አክብራችሁ ስላስቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ እኔ አትጨነቁ፣ ምንም አልጎደለብኝ። ሴቷ ልጄ አለች። እሷ ብረት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ አሟት አያውቅም። ሌላ ምን ሥራ አለባት? እሱ ግን የአገር ሥራ አለበትና ወደ እኔ እንዳትልኩብኝ።»

ወንድሜ አንድም ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። «ሌላ ምን ሥራ አለባት» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነ፤ እሱንም ግን ብሏል። አዳራሹ አጨበጨበ። እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሳች። ጭብጨባው ፊቴን እንደ ጥፊ አቃጠለው። ልጁን ላዋርድ ወስጃት ሾማው አረፈች፤ እኔን ደግሞ ዕድሜ ልኬን አስፈርማኝ።

ሊቀመንበሯ «ልጅቱስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

ማይኩን ተቀበልኩ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት። ጡቴ ላይ ካንሰር አለብኝ አልኩ። ሐሙስ ይወጣል ተብዬ ተቀጥሬያለሁ። ወንድሜ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሁለቴ አስተላልፌዋለሁ፣ አሁንም ግፊው እያለኝ ነው። ለሰው እናት ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፣ እናንተም አይታችሁታል። እናታችን ስለ ሕመሜ የምታውቀው ነገር የለም። ይህን ብዬ ማይኩን አስቀመጥኩ።

የሚያጨበጭብ አልነበረም። እማዬ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። «ምን አለች?» አለችው።

ወንድሜ ወደ ሊቀመንበሯ ዞሮ፣ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ማታ ቤት እነግራታለሁ አላት።

«አይሆንም» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ትልቅ ሰው በተቀመጠበት ክፍል እሷ ያልሰማችው ነገር አይነገርም። ሕጉን ራስህ ታውቀዋለህ። ተርጉምላት።»

ወንድሜ አየኝ። ያስማልኩት እኔ ነኝና አንድ ቃል ብቻ እየለመነኝ ነበር፤ ተወው እንድለው። «ንገራት» አልኩት።

ከወንበሩ ተነስቶ እማዬ ፊት በርከክ አለ። «እማዬ፣ እህቴ ትንሽ አሟታል» አላት።

«ትንሽ አላልኩም» አልኩት።

«ያ ክፉ በሽታ…»

«በስሙ ጥራው!»

ጠራው። የት እንዳለም ነገራት። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ታሸው ጀመር። «መቼ ነው የሚወጣላት?» አለችው።

«ሐሙስ።»

«እስከ ዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «እኔን» አላት።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ጤነኛ ናት እያልኩ በሰው ፊት አስዋሸሽኝ» አለች። «ምን አድርጌሽ ነው ሕመምሽን የደበቅሽኝ?» ተናድጄባታለሁ፣ በዚያች ሰዓትም ተናድጄባት ነበር፤ ብረት ናት ያለችኝ እሷ ናት። ልቅሶዬ ግን መጣ፣ ልይዘው አልቻልኩም።

ጭኗ ላይ የነበረውን ቦርሳ አነሳች። መድኃኒቷ፣ መቀየሪያ ልብሷ፣ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ለእሱ ዘረጋችለት። «እንካ ያዝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔን የምትይዘኝ አንተ ነህ፣ የምታጥበኝም አንተ ነህ። ሐሙስ ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ ወንበሬን ትገፋለህ። እሷ አንድ ነገር ስታነሳ እንዳላይ።»

ወንድሜ ቦርሳውን ታቅፎ ቆመ። ከዚያ ሕጉ ሕግ ነውና ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና፣ ያለችውን ሁሉ፣ የሚያጥባት እሱ መሆኑን ጭምር፣ ለኮሚቴው በእንግሊዝኛ ተረጎመ። ሊቀመንበሯም ሐሙስ ያለ እሱ እንደሚሰበሰቡ ለጸሐፊው አስመዘገበች።