ካላንደር ላይ የቀረችው እናቴ

ንጋት፣ ጅማ መናኸሪያ

አውቶቡሱ ገና በደንብ ሳይነጋ ተነሳ። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ስለሆነ ቦርሳዬን አስቀምጬበታለሁ። አዲስ አበባ የምሄደው የእናቴን ፎቶ ፍለጋ ነው። አርባዋ እየደረሰ ነው፤ ሐውልት ሠሪውም ለመቃብሯ ፎቶ ጠይቆኛል። መታወቂያዋ ላይ ያለውን እርጥበት በልቶታል። የማውቀው ሌላ ፎቶ አንድ የእርዳታ ድርጅት ካላንደር ላይ ያወጣው ብቻ ነው። አዲስ አበባ፣ ልደታ ጌጃ ሰፈር፣ የድሮው ደጃፋችን ላይ፣ ፀጉሯ ሳይሸፈን፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። በየቢሮው ግድግዳ የድህነት ምስል ሆና ኖራለች። ያ ምስል መቃብሯ ድረስ እንዲከተላት አልፈልግም።

ቀትር፣ ወልቂጤ

ምሳ ሽሮ፣ ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር። ሌላው ተሳፋሪ ሁለት ሦስት እየሆነ ይበላል። አስተናጋጁ "ብቻሽን ነሽ?" አለና ጥግ አዛወረኝ።

ሾፌሩ ከመስታወቱ በላይ ነጭ የለበሰች ሕፃን ፎቶ ለጥፏል። ሳያት አይቶኝ "የክርስትናዋ ዕለት ነው፤ ቀሚሱ ውሰት ነው" ብሎ ሳቀ። በኛም ሰፈር እንዲሁ ነበር። ፎቶ የሚነሳ ሰው ልብስ ይዋሳል፤ ፎቶ ቤቱ ራሱ ኮትና ክራቫት ያውስ ነበር።

ከሰዓት፣ ልደታ

ቤታችን የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። የሚያውቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። የእናቴ ጎረቤት የነበሩት እትዬ ዘነበች አሁን ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። አቅፈውኝ አለቀሱ።

"እትዬ፣ የሳቀችበት ፎቶ የለዎትም?"

ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎትተው ያንኑ ካላንደር አወጡ። ተስፋዬ ተቆረጠ።

"ለፎቶ ብላ ሹሩባ ተሠርታ፣ ነጠላዋን አጥባ ለብሳ ነበር" አሉኝ። "ፎቶ አንሺው ፈረንጅ በአስተርጓሚ ነጠላውን አስወለቃት።"

"ያለቀሰችው ለዚያ ነው?"

"ማን አለቀሰ? ሰውየው ከታች ላንሳት ብሎ በነጭ ሱሪው ጭቃው ላይ በሆዱ ተኛ። እኔ ከኋላው ቆሜ ሳሾፍበት ሳቋ መጣ። አትሳቂ ተብላለች፣ ምን ታድርግ? አፏን በእጇ ያዘች። እንባው የሳቅ ነው፣ ልጄ።"

ካላንደሩን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ከእጇ በላይ ጉንጮቿ ተነፍተዋል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። አብሬያት የምስቅበት ጊዜ አልፏል።

በማግስቱ፣ መልስ

አብነት ሰፈር ያለ ፎቶ ቤት የካላንደሩን ጽሑፍ ቆርጦ ፎቶውን አሳደገልኝ። ለሐውልቱ የምሰጠው እሱን ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ጎኔ የተቀመጡት አዛውንት አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"የድርቁ ጊዜ ነው?"

"እናቴ ናት። እየሳቀች ነው።"

ጎንበስ ብለው ደግመው አዩና "ነፍሷን ይማር" አሉ። ሳቋ አልታያቸውም።

የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ የፈረንጁ ነጭ ሱሪ ትዝ አለኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"አይዞሽ ልጄ፣ አታልቅሺ" አሉኝ አዛውንቱ።